የይፋጉ ልጅና ከድንበር ማዶ የታተሙት መጻሕፍት፦ የአለቃ ታየ ገብረ ማርያም ሕይወት

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያመራው መንገድ የርብን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ የፎገራን ሜዳ በስተ ግራ እየተወ ወደ ሊቦ ከምከም ይገባል። አዲስ ዘመን ከተማ ከመደረሱ አስቀድሞ ይፋግ ትገኛለች። ዛሬ መንገደኛው ሳያስተውላት የሚያልፋት ይህች ቦታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ በዚያ ዘመን አገሩን የዞሩ አውሮፓውያን ስሟን በማስታወሻቸው አስፍረዋል። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም የተወለዱት እዚህ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1861 ገደማ ነው።

አለቃ ታየ በቋንቋና በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ የሚታወቁት በይበልጥ በሁለት መጻሕፍት ነው። አንደኛው በ1889 ዓ.ም. በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ የታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ሲሆን ሁለተኛው በ1914 ዓ.ም. በአስመራ የታተመው የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ ነው። ሁለቱም የወጡት ከስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ማተሚያ ቤት ነው። ሁለቱም በታተሙበት ጊዜ የታተሙበት ምድር በኢጣልያ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረ። በሁለቱ መካከል ባሉት 25 ዓመታት ውስጥ ደግሞ በቃል የሰጧቸው የአማርኛ ጽሑፎች በበርሊን ታትመዋል። ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋና ሕዝብ የጻፉት የበጌምድር ሊቅ ዋና ዋና ሥራዎች ብርሃን ያዩት እንግዲህ ከድንበር ማዶ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወታቸውን የሚከተለው ከዚሁ አንጻር ነው፤ በድንበር ላይ የቆመ ማተሚያ ቤት ለአንድ ደራሲ ምን እንደሚሰጥ፣ ምንስ እንደሚያስቀርበት ለመመልከት።

በፎገራና በአካባቢው የሊቅ ስም ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሱት የናበጋው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድና የነገር ብልሃት መጽሐፍ ሳያስፈልገው ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ይኖራል፤ ስማቸውም ከአቋቋም ትምህርት ጋር ተያይዞ ይጠራል። የአለቃ ታየ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። በትውልድ አካባቢያቸው በቃል የሚነገርላቸው ጥቂት ነው፤ እርሳቸውን ያቆያቸው ማተሚያ ቤት ነው። ስለዚህ የሕይወት ታሪካቸውን ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከሰውዬው ይልቅ በመጻሕፍቱ ጉዞ ላይ ቢያተኩር አያስገርምም።

ገበያውና የዘመኑ መከራ

ይፋግ የቆመችው በሜዳና በደጋ መገናኛ ላይ ነው። በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው፣ ጉማራና ርብ በክረምት የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ አለ። ዛሬ ሜዳው በሩዝ ይታወቃል፤ በዚያን ጊዜ ግን ስሙ የሚነሣው በከብቱ ነበር። በስተ ምሥራቅ ወደ ደብረ ታቦርና ከዚያም ወደ የጁ የሚወጣው ደጋ ይጀምራል። በሰሜን ጎንደር አለች። የሜዳው ከብትና የደጋው እህል፣ ከሰሜን በነጋዴ ጀርባና በአጋሰስ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚገናኙት በዚህ ገበያ ስለነበረ ኬላም ነበረበት። በአቅራቢያው በደሪጣ የሰፈሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ከጎንደር በአድዋ በኩል እስከ ምጽዋ በሚዘልቀው የንግድ መስመር የታወቁ ነበሩ። አንድ የይፋግ ልጅ ምጽዋ የምትባል የባሕር በር እንዳለች ለመስማት ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገውም ለማለት ይቻላል።

አለቃ ታየ የተወለዱት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ደብረ ታቦር ከይፋግ ሩቅ አይደለም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲያቀልጡ ተደርገው ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚያ ነው። ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው ብረት አቅላጭ የሆኑት እነዚህ ሰዎች በበጌምድር ሰው ዘንድ እንግዳ አልነበሩም። ይህን መጥቀስ የሚያስፈልገው አለቃ ታየ በኋላ ከሚሲዮን ጋር የነበራቸው ግንኙነት ከባዶ ሜዳ የተነሣ ተደርጎ እንዳይታይ ነው።

የልጅነታቸው ዓመታት ክፉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1866 በጣና ዙሪያ የኮሌራ ወረርሽኝ ገባ። በዚያው ዓመት ጎንደር ተቃጠለች። በቀጣዩ ዓመት ቆራጣ ተዘረፈች። ከመቅደላ ጦርነት በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት የቴዎድሮስ ሠራዊት ሌላ የሚቀልበው ስላጣ የበጌምድርን ገበሬ እየዘረፈ ኖረ። አለቃ ታየ በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን ያጡትና ወደ ባሕሩ ዳርቻ ያቀኑት በዚህ መከራ በተፈታ አገር ውስጥ ነው። ነጋዴ በየዓመቱ የሚመላለስበት መንገድ ወላጅ ለሌለው ልጅ ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም፤ በዚያ መስመር ከአሞሌውና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበርና።

ምንኩሉ

ምጽዋ እ.ኤ.አ. በ1865 ከኦቶማን ሡልጣን ወደ ግብፅ እጅ ተላልፋ ነበር። በዓመቱ የስዊድን ሚሲዮናውያን ደረሱባት። ሐሳባቸው በዚያ ለመቀመጥ አልነበረም፤ ወደ ኦሮሞ አገር የሚያስገባ መንገድ ፈልገው ነው የመጡት። መንገዱ ተዘጋባቸውና በባሕሩ ዳርቻና በአጎራባቹ ቆላ ቀሩ። ይህ መሰናክል ለመጻሕፍት ታሪክ ዕድል ሆነ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወደ ውስጥ መግባት ያልቻለው ሚሲዮን ከውስጥ የሚመጡትን መሰብሰብ ጀመረ፦ ከባርነት ነጻ የወጡ ልጆችን፣ ወላጅ የሌላቸውን፣ ከደጋው በሃይማኖት ክርክር ሳቢያ የተሰደዱ ካህናትን። ከምጽዋ ወጣ ብላ በምትገኘው በምንኩሉ በተሠራው ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ትግረና ኦሮምኛ በአንድ ግቢ ውስጥ ይነገሩ ነበር። በዘመኑ ይህን ያህል የኢትዮጵያና የባሕር ምድር ቋንቋ በአንድ ጣሪያ ሥር ለጽሕፈት ሥራ የተሰበሰበበት ሌላ ቦታ መጥቀስ ይከብዳል።

አለቃ ታየ በዚህ ትምህርት ቤት አደጉ። ሆኖም የሚሲዮን ትምህርት አልበቃቸውም። ወደ ደጋው ተመልሰው የግእዝን ቋንቋና ቅኔን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወግ ተማሩ፤ ከዚያም ወደ ምንኩሉ ተመልሰው መምህር ሆኑ። ይህ መመላለስ በሕይወታቸው ውስጥ ትልቁ ነገር ይመስለኛል። በሚሲዮን ብቻ የተማረ ሰው የአማርኛ መማሪያ ሊያዘጋጅ ይችል ይሆናል፤ ቅኔ ቤት ያልገባ ሰው ግን ሰዋስው ብሎ ርእስ የሰጠውን መጽሐፍ ለደጋ ሊቃውንት ፊት አያቀርብም። ቅኔ ቤት ብቻ የዋለ ሰው ደግሞ የኅትመት ፊደል ወደሚለቀምበት ገበታ የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም።

ማተሚያ ቤቱ በነዚያ ዓመታት ምን ያትም እንደነበረ ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1893 የኦነሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን በምንኩሉ ወጣ። ኦነሲሞስ በኢሉባቦር በሁሩሙ ተወልደው በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው፣ ምጽዋ ሲደርሱ ነጻ የወጡ ሰው ናቸው። በዓመቱ፣ በ1894፣ እርሳቸውና አስቴር ጋኖ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ ታተመ። አስቴርም ከባርነት የተረፈች ልጅ ነበረች፤ በማንበቢያው ውስጥ የገቡትን ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች የሰበሰበችው በአብዛኛው እርሷ ናት። ሁለቱም መጻሕፍት የተጻፉት በግእዝ ፊደል ነው። ከአገሩ በግድ የተነቀለ ሰው የአገሩን ተረት በትዝታ ለቅሞ በባሕር ዳርቻ ሲያሳትም፣ ያ መጽሐፍ ከስብከት መሣሪያነቱ ያለፈ ነገር ነው።

ተመሳሳይ ሥራ በትግረ ቋንቋም ተከናውኗል። በገለብ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ናፍዕ ወድ ዕትማን፣ እ.ኤ.አ. በ1905 የአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የላከው ቡድን መሪ ኤኖ ሊትማን ሲመጣ፣ የትግረን ተረትና ግጥም በመሰብሰብ ዋና ረዳቱ ሆነ። ኋላም ወደ ስትራስቡርግ ተጉዞ ከሊትማን ጋር ሠራ፤ በ1909 ወደ አገሩ ሲመለስ በባሕር ላይ ሞተ። የድካሙ ፍሬ በፕሪንስተን ቡድን ኅትመቶች ስም ከ1910 ጀምሮ በላይደን በበርካታ ቅጾች ወጣ። ዛሬ የድንበር አካባቢ ባህልና ሥነ ቃል መጻሕፍት የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤቶች ሥራ ሆነው ሲቀርቡ አዲስ ነገር ሊመስል ይችላል። በእኛ በኩል ግን ሥራው ከመቶ ዓመት በፊት ተጀምሮ ነበር፤ የጀመሩትም እንደ ናፍዕ፣ እንደ አስቴርና እንደ አለቃ ታየ ያሉ የትምህርት ቤት መምህራን ናቸው።

መጽሐፈ ሰዋስው

የአማርኛ ሰዋስው ከአለቃ ታየ በፊትም ታትሟል። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 በፍራንክፈርት፣ ኢዘንበርግ በ1842 በለንደን፣ ፕሪቶሪዩስ በ1879 በሃሌ አሳትመዋል። እነዚህ ሁሉ የተጻፉት በላቲን፣ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ለአውሮፓ አንባቢ ነው፤ አማርኛ በእነርሱ ዘንድ የሚጠና ነገር እንጂ የሚጠናበት ቋንቋ አይደለም። የአለቃ ታየ መጽሐፍ ግን ከቅኔ ቤቱ የሰዋስው ወግ ተነሥቶ ለአገሩ ተማሪ የተሰናዳ ነው። ከሊቃውንት ትከሻ ላይ ወርዶ በእርሳስ ፊደል የቆመ ሰዋስው ነው ማለት ይቻላል። ብራና ለመግዛት አቅም የሌለው ተማሪ በወረቀት ሊያገኘው ይችላል።

የታተመበት ዓመት ልብ ይባል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት ተደረገ። የሰላሙ ውል በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተፈረመ። በዚያው በ1889 ዓ.ም. ነው እንግዲህ፣ ድል የሆነው የኢጣልያ መንግሥት በሚያስተዳድረው ምድር ላይ፣ አንድ የበጌምድር ሰው የአሸናፊውን አገር ቋንቋ ሰዋስው ያሳተመው። ምንኩሉ ራሷ ከዶጋሊ ብዙም የማትርቅ፣ የኢጣልያ ምሽግ የተሠራባት ቦታ ነበረች። ጦርነቱና ከ1880 ዓ.ም. በኋላ አገሩን ያጠፋው ክፉ ቀን ብዙ ነገር ሲያቋርጡ የኅትመቱን ሥራ አላቋረጡትም። ስዊድናውያኑ ከሁለቱም መንግሥታት ወገን አለመሆናቸው ለዚህ ሳይረዳ አልቀረም። መጽሐፉ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ደጋው ገባ፤ ደራሲውም በዐፄ ምኒልክ ዘንድ ታወቁ።

በርሊን

እ.ኤ.አ. በ1905 በፍሪድሪኽ ሮዘን የተመራ የጀርመን መልእክተኛ ቡድን አዲስ አበባ ደርሶ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ጀርመኖች ከጠየቁት ነገር አንዱ በበርሊን በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛ የሚያስተምር ሊቅ ነበር። ይህ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1887 ከበርሊን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተያይዞ የተቋቋመ ሲሆን ለዲፕሎማቶች፣ ለነጋዴዎችና ለቅኝ ግዛት ሹማምንት ቋንቋ ያስተምር ነበር። ምኒልክ የላኩት አለቃ ታየን ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ የጣና ዳር ልጅ፣ በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ በናፖሊ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። የሰዋስው መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1905፣ ልብ ወለድ ታሪክን በ1908 በሮም አሳትመዋል። ከሐይቁ ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻ የወጡ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ በሁለት የአውሮፓ ከተሞች የአማርኛ መምህራን መሆናቸው እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ሁለቱም ያደጉት ቤተ ክህነት በጸናበት አገር ነው፤ ሁለቱም በወጣትነታቸው ከውጭ ሰዎች ጋር ተገናኝተዋል። በጠባይ ግን አይመሳሰሉም። አፈወርቅ የራሳቸውን ስም የሚያስጠራ ሥራ ይዘው ወጡ። አለቃ ታየ በበርሊን በነበሩባቸው ዓመታት የሰጡት በአብዛኛው የሕዝብ ቃል ነው፤ የወጣውም በሌላ ሰው ስም ነው።

ያ ሰው በትምህርት ቤቱ ከእርሳቸው ጋር ይሠራ የነበረው ወጣቱ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ ነው። ሚትቮኽ በትምህርት ቤቱ መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ1907 ከአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ አፍ የተወሰዱ የሥነ ቃል ናሙናዎችን፣ በ1910 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ልጆች ጨዋታ የሚናገሩ የአማርኛ ጽሑፎችን አሳተመ። የጽሑፎቹ ምንጭ አለቃ ታየ ናቸው። ስለ ልጆች ጨዋታ በ1910 የወጣ የአማርኛ ጽሑፍ ለባህል ጥናት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለዚህ መጽሔት አንባቢ መግለጽ አያስፈልግም። የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል የልጆችን ጨዋታ አይመዘግብም። ገድልም አይመዘግብም። አለቃ ታየ ወላጅ አልባ ሆነው ከወጡበት አገር የልጅነትን ነገር እንዲህ በዝርዝር ይዘው መቆየታቸው ለአንባቢው የሚተው ጉዳይ ነው።

ስለ ባለቤትነት ግን አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ ቃሉን የሰጠው ሰው ረዳት፣ ቃሉን ተርጉሞ ያሳተመው ደራሲ ይባል ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ከሉዶልፍ ጋር፣ ናፍዕ ከሊትማን ጋር፣ አለቃ ታየ ከሚትቮኽ ጋር የነበራቸው ግንኙነት በዚህ ልማድ የታሰረ ነው። ሚትቮኽን ለብቻው መውቀስ አይገባም፤ እርሱም ኋላ ትምህርት ቤቱን ከመራ በኋላ በአይሁዳዊ ትውልዱ ምክንያት በናዚዎች ከሥራው ተባርሮ በለንደን በስደት የሞተ ሰው ነው። ሆኖም የአማርኛ ሥነ ቃልን የኅትመት ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ የአለቃ ታየን ስም ከግርጌ ወደ ርእስ ቢያመጣው ተገቢውን ሠራ እላለሁ።

እስርና የታሪክ መጽሐፍ

አለቃ ታየ ከበርሊን የተመለሱት የአገሪቱን ታሪክ የመጻፍ ዕቅድ ይዘው ነው፤ ምኒልክም ይህን ሥራ ይፈልጉት ነበር። ግን ጊዜው አልተመቻቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ታመሙ፤ ቤተ መንግሥቱ በወራሽነት ጉዳይ ተከፋፈለ፤ የሚደግፏቸው እጆች ደከሙ። አለቃ ታየ በሃይማኖት ተከሰው በሊቀ ጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ታሰሩም። የስዊድን ሚሲዮን በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ደቀ መዛሙርቱ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሳይወጡ በውስጧ እንዲያገለግሉ ይፈልግ ነበር። ይህ አቋም ከውጭ ሲታይ መካከለኛ ይመስላል፤ ለያዘው ሰው ግን ከሁለቱም ወገን የሚያስጠረጥር ነበር። በቅኔ ቤት የተማሩት ሰው በሊቃውንቱ ዘንድ የጸረ ማርያም ወገን ተብለው ሲከሰሱ ከክሱ ይልቅ ሰሚ ማጣቱ ሳይከብዳቸው አልቀረም። ከእስር ከወጡ በኋላም የኖሩት በጥንቃቄ ነው።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ በ1914 ዓ.ም. የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ማተሚያ ነበረ፤ ራስ ተፈሪም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን እያቋቋሙ ነበር። መጽሐፉ ግን የታተመው በአስመራ፣ ደራሲው ከልጅነታቸው በሚያውቁት ሚሲዮን ነው። ይህም የተለየ አጋጣሚ አልነበረም። በምንኩሉ ትምህርት ቤት ያለፉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ የጻፉት ትችት እ.ኤ.አ. በ1912 የታተመው በአስመራ ነው። በመዲናዋ ሊነገር ያልተመቸ ነገር ከመረብ ማዶ በእርሳስ ፊደል ይነገር ነበር። የቅኝ ገዢው ድንበር ለኢትዮጵያውያን ደራስያን እንዲህ ያለ መጠለያ መሆኑ ደስ የሚል እውነት አይደለም፤ እውነት ግን ነው።

መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ የታሰበው ሰፊ ታሪክ ሙሉ ሆኖ ለኅትመት አልበቃም። አዲስ ነገሩ ከርእሱ ይጀምራል። በአገራችን የታሪክ ጽሕፈት ልማድ ታሪክ የነገሥታት ነው፤ አለቃ ታየ ግን የሕዝብ ብለው ጻፉ። አገውን፣ ጉራጌን፣ ኦሮሞን፣ ቤተ እስራኤልንና ሌሎችንም እያነሡ ከየት እንደመጡና እንዴት እንደተስፋፉ ለማስረዳት ሞከሩ። ጥያቄው በምንኩሉ ግቢ የተወለደ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ልዩ ልዩ ቋንቋ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር ያደገ ሰው እነዚህ ሕዝቦች ማን ናቸው ብሎ መጠየቁ የተፈጥሮ ነው።

መልሱ ግን ከጥያቄው ያንሳል። አለቃ ታየ የሕዝቦችን ምንጭ የቈጠሩት ከኖኅ ልጆች ተነሥተው በመጽሐፍ ቅዱስ የትውልድ ሐረግ ነው፤ በዚህም ከዘመናቸው ሊቃውንት አይለዩም። የኦሮሞን ሕዝብ ከባሕር ማዶ የመጣ አድርገው ማቅረባቸው ደግሞ ከስሕተትም በላይ ጉዳት ያመጣ ነው። ዛሬ የቋንቋ ጥናት ኦሮምኛን ከሶማልኛና ከአፋርኛ ጋር በኩሽ ቤተሰብ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የታሪክ ጥናትም የ16ኛውን ክፍለ ዘመን መስፋፋት መነሻ በዚሁ በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ ያገኘዋል። የአለቃ ታየ አስተያየት ግን በኋለኛው ዘመን የፖለቲካ ክርክር ውስጥ ገብቶ አንዱን ሕዝብ እንግዳ፣ ሌላውን ባለቤት ለማድረግ መጠቀሚያ ሆነ። የኦሮሞ ታሪክ ተመራማሪዎች መጽሐፉን አጥብቀው መተቸታቸው አያስደንቅም፤ ትችታቸውም ትክክል ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። መጽሐፈ ሰዋስውን ያተመው ማተሚያ ቤት ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት ውስጥ የኦነሲሞስን አዲስ ኪዳንና የአስቴርን ተረቶች አትሟል። ኦሮምኛ ለአለቃ ታየ በወሬ የሚሰሙት ቋንቋ አልነበረም። የሚናገሩትን፣ የሚጽፉትን፣ በአንድ ገበታ ላይ የሚያሳትሙትን ሰዎች የማወቅ ዕድል ነበራቸው። ታሪክ ለመጻፍ ሲቀመጡ ግን ከጎረቤታቸው ቃል ይልቅ የጥንት መጻሕፍትን የትውልድ ሐረግ መረጡ። የልጆችን ጨዋታ ከሕዝብ አፍ ወስደው ለበርሊን የሰጡት ሰው የሕዝብን ምንጭ ሲጽፉ ያንኑ መንገድ አልተከተሉም። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ድክመት የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ በዘመኑ ሊቅ አእምሮ ውስጥ ሥነ ቃል ለቋንቋ ትምህርት እንጂ ለታሪክ ምስክርነት ይበቃል ተብሎ አለመታሰቡ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ የነበረው ሀብት ለታሪኩ ሳይጠቅመው ቀረ።

አለቃ ታየ መጽሐፋቸው በወጣ በሁለት ዓመት ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 አረፉ። ገብረ ሕይወት ከእርሳቸው አምስት ዓመት ቀድመው ሞተዋል። ኦነሲሞስ እስከ 1931 ኖሩ።

ከሞት በኋላ

የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ ከደራሲው ዕረፍት በኋላ በአማርኛ ደጋግሞ ታትሟል። በማብራሪያ የተደገፈው የእንግሊዝኛ ትርጉም የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ተርጓሚዎቹ ግሮቨር ሃድሰንና ተከስተ ነጋሽ ናቸው፤ አሳታሚው በስዊድን አገር የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የብዙኅ ብሔረሰቦች ጥናት ማዕከል ነው። በዚያው ዓመት የአለቃ ታየ ዘመነኛ የነበሩት የአለቃ አጽሜ ጊዮርጊስ የኦሮሞና የሸዋ ታሪክ በባይሩ ታፍላ አዘጋጅነት በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ታተመ። ሁለቱም ደራስያን በሃይማኖታቸው ምክንያት ከዘመናቸው ሊቃውንት የተገለሉ ነበሩ፤ አንዱ ከስዊድናውያን፣ ሌላው ከካቶሊኮች ጋር። ሁለቱም ስለ ኦሮሞ ጻፉ። ሁለቱም በተመራማሪ እጅ ተመርምረው የቀረቡት በውጭ አገር ነው። ከምንኩሉ እስከ ኡፕሳላ ያለው የአለቃ ታየ የኅትመት መንገድ ስዊድን ጀምራው ስዊድን የጨረሰችው ይመስላል።

በጣና ዙሪያ ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደብረ ታቦር፣ ይፋግን በሦስት ማዕዘን ከበው። ከእነርሱ አንዱ የአካባቢውን ሊቃውንት መጻሕፍት በተከታታይ ለማሳተም ቢነሣ አለቃ ታየ ለመጀመሪያው ቅጽ ይበቃሉ። ያ ቅጽ ግን የ1914ቱን መጽሐፍ ብቻ እንደገና ከማተም የተለየ ሥራ ይጠይቃል። የበርሊኑን የ1907ና የ1910 የአማርኛ ጽሑፎች ከጀርመንኛው ሐተታ ለይቶ ማውጣትና ከዛሬው የፎገራና የሊቦ ልጆች ጨዋታ ጋር ማነጻጸር አለበት፤ ይህም ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመስክ ሥራ የሚሆን ነው። በታሪኩ መጽሐፍ በእያንዳንዱ የሕዝብ ምዕራፍ ሥር ደራሲው የተከተሉትን ጥንታዊ ምንጭና የዛሬውን ጥናት ማስቀመጥ ያሻል። ስለ ኦሮሞ የተጻፈውን ምዕራፍ ደግሞ የሚያዘጋጀው ሰው ኦሮምኛ የሚያነብ ሊሆን ይገባዋል፤ ከጠረጴዛው ላይም በግእዝ ፊደል የታተመው የ1894ቱ ማንበቢያ አስቴር ጋኖ ከሰበሰበቻቸው ተረቶች ጋር ተከፍቶ ሊቀመጥ ይገባል።